ለፈረሱ ሁለት፣ ለሊቀመንበሩ አንድ

አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ከጎጃም ወደ ናዝሬት የመጡት አንድ ደብር ለመሣል ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ሙቀቱን ለመዱት መሰለኝ፣ እዚሁ ቀሩ። እናቴን ያገቡት እዚህ ነው፤ የቀበሯትም እዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ እሳቸውና እኔ ብቻ ቀረን። ቀለም የሚበጠብጥ ሌላ ሰው ስላልነበረ እኔ በጠበጥኩ።

መጀመሪያ የተማርኩት ሕግ የዓይን ሕግ ነው። ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ሰው ግን በጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ጌታን የሸጠው አንድ ዓይን፣ የገረፉት አንድ ዓይን፣ ሰይጣንም አንድ ዓይን። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው አባባ፣ «ክፉ ሰው ሙሉ ፊቱን አይሰጥሽም» ይሉኝ ነበር። ልጅ ሆኜ ገበያ ስሄድ በዚህ ሕግ ሰው እለይ ነበር፤ በጎን ያየሁት ነጋዴ ሁሉ ሌባ ይመስለኝ ነበር።

አብዮቱ መጥቶ ጥቂት እንደቆየ የአባባን ዓይን ሞራ ሸፈነው። መጀመሪያ ቀይና ቡናማ ተምታታባቸው፣ ቀጥሎ የሰው መልክ፣ በመጨረሻ ብርሃንና ጨለማ ብቻ ቀረ። ይህን ከእኔና ከአንዲት ጎረቤታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሥዕሉ የሚሠራው ቤታችን ውስጥ በአቡጀዲ ላይ ነው፤ ሲያልቅ ተጠቅልሎ ይወሰድና የደብሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ማን እንደሣለው የሚያይ የለም። እኔ እሥላለሁ፤ አባባ አጠገቤ ተቀምጠው «ሰማያዊው ደረቀ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ካህናቱ ሲመጡ ብሩሹን ከእጄ ተቀብለው ይነሳሉ። የሴት እጅ የሣለው ሥዕል መቅደስ ገባ ቢባል የሚነሳውን ጉድ ሁለታችንም እናውቀዋለን። የእሳቸው ማየት እንጀራችን ነበር።

ቀን ቀን ደግሞ በቀበሌው የሴቶች ጥልፍ ቤት እሠራ ነበር። ሥራዬ መጥለፍ ሳይሆን ንድፍ ማውጣት ነው። ስስ ወረቀት ላይ አበባ እሥላለሁ፣ መስመሩን ተከትዬ በመርፌ እበሳዋለሁ። ወረቀቱን ጨርቁ ላይ አነጥፍና የከሰል ዱቄት በቋጠርኩበት ጨርቅ ደብደብ አደርገዋለሁ። ወረቀቱ ሲነሳ አበባው በነጥብ ነጥብ ጨርቁ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። አንዴ የተበሳ ወረቀት ለስንት የጠረጴዛ ልብስ ይሆናል። ወረቀቱን ያገኘ ሰው ምንም አያይበትም፤ ወደ ብርሃን ካላነሳው በቀር ብል የበላው ነገር ነው የሚመስለው።

ያን ጊዜ ጥይቱ ጋብ ብሎ ነበር። በእኛ መንገድ ላይ ልጃቸው የተገደለባቸው እናቶች ጥቁር እንዳይለብሱ፣ ድንኳን እንዳይጥሉ ተከልክለው፣ ዝም ብለው ገበያ ይሄዱ ነበር። ሰው ሰላም ሲባባል እንኳ ድምፁን ይቆጥባል። እኔም ደንዝዤ ነበር። ሰው ሲሞት አላለቅስም፣ ሲጋባ ደስ አይለኝም፤ ጥርሴን የነቀልኩ ቀን እንደሚሆነው ድዴን በምላሴ እነካለሁ እንጂ ሕመሙ የለም። ስብሰባ ሲጠሩኝ እሄዳለሁ። አጨብጭቢ ሲሉኝ አጨበጭባለሁ። ስብሰባ ያልመጣ ስኳር አያገኝም፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ስኳር በራሽን ነበር።

የአብዮት በዓል ሲደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራኝ። ቆቡን ለቅሶ ቤት እንኳ የማያወልቅ፣ ሲናገር ጣቱን ሽቅብ የሚያነሳ ሰው ነው። ሦስቱን ጺማም ፈረንጆች በትልቅ ጨርቅ ላይ እንድሥል አዘዘኝና የምቀዳውን ፎቶ ሰጠኝ። ፎቶው ላይ ሦስቱም በጎን ተደርድረዋል። እንደታዘዝኩት ሣልኩ፤ ጨርቁ ቀበሌው በር ላይ ተሰቀለ።

በነጋታው ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች ቆመው አዩት። አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «እነዚህ ደግሞ ምን በድለው ነው?» አለችኝ።

«ኧረ እማማ፣ መሪዎች ናቸው» አልኳት።

«የምን መሪ! ሦስቱም አንድ ዓይና!» ብላ አማትባ ሄደች።

ቤት ገብቼ ለአባባ ነገርኳቸው። «በጎን ነው የሣልሻቸው?» አሉኝ። ፎቶው እንደዚያ ነው አልኩ። «ፎቶውን ያነሳው ሰው የጎጃም ሰው ነው እንዴ?» አሉና ሳቅ ጀመራቸው፤ እስኪያስላቸው፣ ዕንባቸው ጋቢያቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። ቤታችን ሳቅ ከሰማ ቆይቶ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። እጄ ግን በላኝ።

ፈረሱን የሣልኩት በዚያው ሳምንት ነው።

ናዝሬት የጋሪ ከተማ ናት፤ ሊቀመንበሩም ካድሬውም ወታደሩም በጋሪ ነው የሚሄደው። የጋሪ ፈረስ ደግሞ የማይሰማው ወሬ የለም። አራት ሳጥን አሰመርኩ። በመጀመሪያው ቆብ ያደረገ ሰው ጋሪ ላይ ቆሞ ጣቱን ሽቅብ አንስቶ ይናገራል፤ ፈረሱ ላብ በላብ ሆኖ ዳገት ይወጣል። በሁለተኛው ሰውዬው ወርዶ ፈረሱን ያቅፈዋል፣ እኩል ነን ይለዋል። በሦስተኛው ሰውዬው መሬት ላይ ቆሞ ግራ ይጋባል። በአራተኛው ፈረሱ ጋሪው ላይ ወጥቶ፣ እግሩን አጣምሮ፣ ሰውዬው እስኪጎትተው ይጠብቃል። ጽሑፍ የለውም። ማንበብ የማይችለው ብዙ ነው፣ የእጅ ጽሑፍም ያስይዛል። ለፈረሱ ሁለት ዓይን ሰጠሁት፤ ፊቱን ወደሚያየው ሰው አዙሮ ቁጭ ብሏል። ለሊቀመንበሩ አንድ።

ያቺ ጎረቤታችን ባቡር ጣቢያ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ባልቴት ናት። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ነው የሚላት፤ የመቂ ሰው ናት፣ አማርኛዋን ከኦሮምኛ ጋር አዋህዳ ትናገራለች። ኦቾሎኒውን የምትጠቀልልበትን ያገለገለ የተማሪ ደብተር ከገበያ በኪሎ ትገዛለች። ሥዕሉን አሳየኋት። አገላብጣ አየችና፣ «ይሄ ቆቡ እኛ ሰውዬ ነው አይደል?» አለች። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ወረቀት ወረቀት ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ» ብላ የተቀዳደደ ደብተር አቀበለችኝ።

እንደ አበባው አደረግሁት። ስሱን ወረቀት በሳሁ፣ በከሰል ደበደብኩ፣ ነጥቦቹን በእስክሪብቶ አገጣጠምኩ። በአንድ በኩል የተማሪ ሒሳብ፣ በሌላው በኩል ፈረሱ። አዴ ሥዕሉን ወደ ውስጥ አድርጋ ትጠቀልለዋለች። ለሁሉም አትሰጥም፤ ፊት አይታ ነው። ሰውዬው ባቡሩ ውስጥ ኦቾሎኒውን ጨርሶ ጨው ሊልስ ወረቀቱን ሲዘረጋ ፈረሱ ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ፈረሱ ጣቢያው ላይ አልቀረም። ሞጆ ታየ፣ ዓለም ጤና ሽንኩርት የሚጭኑ ሹፌሮች ዘንድ ታየ፣ ዝዋይ ድረስ ሄደ አሉ። ሌላ ጨመርኩ። አንዱ ላይ ለእናት አገር አዋጡ ተብሎ ፈረሱ የእግሩን ብረት ያወልቃል፤ ሌላውንም ይሉታል፤ በመጨረሻ ባዶ እግሩን ቆሞ ሲያጨበጭብ ድምፁ ስለማይሰማ ይገሠጻል። ስኳር ለመውሰድ ተሰልፌ ሳለሁ ከኋላዬ የቆመች ሴት ይህንኑ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ፤ ስትጨርስ ትከሻዬን ይዛ በሳቅ ተንቀጠቀጠች። ኮራሁ ብል ዋሸሁ። ስኳሩ ሳይደርሰኝ እንዳያልቅ ነበር የማስበው።

ሊቀመንበሩ ቆቡን አወቀው። አብዮት ጠባቂዎቹ የማባዣ መኪና ፍለጋ የትምህርት ቤቱን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ክፍል ሁሉ በረበሩ። አዴንም ጠየቋት፤ ወረቀት በኪሎ እገዛለሁ፣ ማንበብ አልችልም ብላ ኦቾሎኒ ዘግና ሰጠቻቸው። መኪና አልተገኘም። መርፌ የጠረጠረ የለም።

ከዚያ ከአውራጃው አንድ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፣ ቀጭን፤ ድሮ ዲያቆን ነበር ይባላል። ሥዕሉን ሲያሳዩት ብዙም አልቆየም አሉ። «ይህ የማተሚያ ጉዳይ አይደለም። ክፉውን በአንድ ዓይን የሚሥል ሰው ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ሰው ነው» አለ። ሊቀመንበሩ ይህን ስብሰባ ላይ ራሱ እንዳገኘው አድርጎ ደገመው። በከተማው የታወቀ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ አንድ ነው። ጭብጨባው ሳያልቅ ወጥቼ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል።

አባባ በረንዳው ላይ ነበሩ። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ልጆች ግራና ቀኝ ቆመዋል። «ጋቢዬን አምጪልኝ» አሉኝ። ሳለብሳቸው ጆሮዬ ሥር፣ «እኔ አያለሁ። ገባሽ? እኔ አያለሁ» አሉ።

ገባኝ። አላይም ቢሉ በዚያው ሰዓት ይለቋቸዋል። ግን ታዲያ የደብሩን ሥዕል ማን ሣለው ይባላል፤ የዚያ መልስ ቤቱ ውስጥ የቀረችው አንዲት ሰው ናት። አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ግቢውን በእግራቸው ስለሚያውቁት ሳይደናቀፉ፣ እንደሚያይ ሰው ወጡ። እስከ መንገዱ አየኋቸው። ምንም አልተሰማኝም። ገብቼ ድስቱን ጣድኩ፣ ስንቅ መውሰድ አለብኝና።

በየቀኑ ምሳ ቀበሌው እስር ቤት በር ላይ አደርሳለሁ። ጠባቂው ወጡን በማንኪያ አማስሎ ያያል፣ ይቀበለኛል፣ የትናንቱን ሳህን ይመልስልኛል። ሳህኑ ባዶ ሆኖ ነበር የሚመለሰው። እቤት አባባ ያለ እኔ ሲበሉ ግማሹ ትሪው ላይ ይቀራል፣ ወጡ ጋቢያቸው ላይ ይፈሳል። አንዱ እስረኛ እየረዳቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጥልፍ ቤት ሄጄ ጽጌረዳ እበሳለሁ። ሴቶቹ እኔ ስገባ ወሬ ያቆማሉ፤ ስወጣ «አይዞሽ» ይሉኛል።

አዴ አንድ ቀን በአጥር በኩል ጠራችኝ። «ፈረሱ አሁን ቢወጣ አባትሽ አይደለም ይባላል» አለች። ወረቀት ዘርግቼ ተቀመጥኩ። መርፌውን ያዝኩት፣ አስቀመጥኩት። ያ ካድሬ የሠዓሊ እጅ ይለያል፤ ፈረሱ ከወጣ ቀጥሎ የምጠየቀው እኔ ነኝ። እስኪመጡ ከምጠብቅ እኔው ልሂድ አልኩ። ጀግንነት እንዳይመስል፤ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነው። አባባ አንድ ቀን ሊደናቀፉ፣ ከግድግዳ ሊጋጩ፣ ያኔ ሁሉም ሊታወቅ ነው። እሳቸው ሽማግሌ ናቸው፣ ቀዝቃዛ መሬት ላይ ነው የሚተኙት።

ካድሬው በቀበሌው ቢሮ ውስጥ ብቻውን ነበር።

«ጓድ፣ ፈረሱን የምሥለው እኔ ነኝ» አልኩ።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «አባትሽን ለማስፈታት ነው» አለ።

«አይደለም። እኔ ነኝ። እሳቸውን ይፍቱልኝ።»

ደጁን አየት አደረገና መሳቢያውን ከፍቶ ንጹሕ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ። «እንግዲያው እኔን ሣይኝ» አለ። ወንበሩን አንስቶ መስኮቱ ጋ ወሰደና ጎኑን ሰጥቶኝ ተቀመጠ፤ ወደ ውጪ፣ ወደ ኒም ዛፉ ነበር የሚያየው። እስክጨርስ አልዞረም።

ምን እንደጠየቀኝ ገብቶኛል። ፊቱን ወደ እኔ አዙሬ ሁለት ዓይን ብሰጠው አንዲት የጥልፍ ሠራተኛ ነኝ፣ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ አባባም እዚያው ይቀራሉ። አንድ ብሰጠው የፈረሱ እጅ የእኔ ነው። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን አወረድኩ። ዓይኑ ጋ ስደርስ አንድ ሰጠሁት። ለማስረጃ ብቻ አልነበረም፤ አምኜበት ነው የሣልኩት። ዓይነ ስውር ሽማግሌ ያሰረ ሰው ሌላ ምን ይገባዋል?

ተቀብሎ አየው። «አንድ» አለ።

«አንድ።»

ወረቀቱን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። «ይህ የጥልፍ ሠራተኛ እጅ ነው። ሂጂ፣ አበባሽን ሣይ» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሟል።

ከዚያ ቢሮ ስወጣ ስንት ጊዜ ጠፍቶብኝ የቆየ ነገር መጣ፤ ተናደድኩ። ሴት አትሥልም ብሎ ነው ያላመነኝ አልኩ። በሳምንቱ ግን አባባ ተፈቱ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ ፈረሱን የሚሥለው ፀረ አብዮት ከሌላ ከተማ የመጣ መሆኑንና ወደ አዋሽ መሸሹን የአውራጃው ጓድ በጥናት እንደደረሰበት ተናገረ። አጨበጨብን። ከዚያ በኋላ ፈረሱን አልሣልኩትም። ባቡር ጣቢያ ሰዎች አዴን በዓይናቸው ይጠይቋት ነበር፤ «ሞተ» ትላቸዋለች፣ ኦቾሎኒውን እየሰፈረች።

አባባ ስለ እስር ቤቱ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በዚያ ዘመን ከእስር የወጣ ሰው አይጠየቅም። ያ ካድሬ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጦርነቱ ተዛወረ፤ ሞተ የሚል ወሬ መጣ፣ ያረጋገጠ ግን የለም። ሰማሁ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ።

አንድ ከሰዓት በኋላ አቡጀዲው ላይ ስቅለት እየሠራሁ ነበር። አባባ እንደ ልማዳቸው አጠገቤ ናቸው። «የት ደረስሽ?» አሉኝ። ጎኑን በጦር የወጋውን ወታደር እየሣልኩ ነው አልኳቸው። «ያን ልጅ ስንት ዓይን ሰጠሽው?» አሉ።

«የቱን ልጅ፣ አባባ?»

«ካድሬውን። ሣይኝ አለኝ ብለሽ ነግረሽኝ አልነበር።»

«አንድ» አልኩ።

ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። «መጀመሪያ ቀን ምሳሽ ሲመጣ እጄን ሰደድኩ፣ ሳህኑ ግን በሌላ በኩል ነበር» አሉ። «እሱ ቆሞ ያይ ኖሯል። ጠባቂውን ውኃ አምጣ ብሎ አስወጣው። ከዚያ እጄን ይዞ እንጀራው ላይ አስቀመጠልኝ። ‹አባ፣ ያያሉ አይደል?› አለኝ። ‹አያለሁ ልጄ› አልኩት። ‹ጥሩ። እንደዚያ ይበሉ› አለኝ። እስክወጣ ድረስ በየቀኑ ምሳ ሰዓት እሱ ራሱ ነበር የሚመጣው። ወጡ በቀኝ ነው አባ፣ ውኃው በግራ ነው እያለ። በልቼ እስክጨርስ ቁጭ ይላል።»

ብሩሹ ላይ ያለው ቀለም ጣቴ ላይ ወረደ። ባዶ ሆኖ የሚመለሰው ሳህን ትዝ አለኝ። አባባ ቀለሙ እንዳይደርቅ ሥሪ አሉኝ። ያኔ አለቀስኩ። ሲተኩሱ ያላለቀስኩትን፣ አባቴን ሲወስዷቸው ያላለቀስኩትን፣ እሳቸው ድምፄን እየሰሙ፣ የወታደሩ ፊት ሳይሠራ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በኋላ በሁለት ዓይን ልሥለው ሞከርኩ። ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱም ሞክሬአለሁ። ግንባሩን አስታውሰዋለሁ፣ አፍንጫውን፣ በእኔ በኩል የነበረውን ጆሮውን። ግን ያኔ ሥዬው እስክጨርስ ድረስ በመስኮቱ ወደ ውጪ እያየ ነበር፤ ያኛውን ጎኑን አላየሁትም።